ሹራቡን አላወልቅም ያለው ወንድሜ

ይህን ስጽፍ ንዴቴ አልበረደም። ይበርድ ይሆናል ብዬ ከመኸር እስከ መኸር ጠበቅሁ፤ አልበረደም። እንግዲያስ እንደጋለ ልጻፈው አልሁ። ጎረቤቶቼ «አንቺ ወሬ ስትጀምሪ በጓሮ ዞረሽ ነው የምትገቢ» ይሉኛል፤ ዛሬ በፊት ለፊት በር እገባለሁ። ወንድሜ ጣፊያው ውስጥ መግል ቋጥሮ ሊሞት ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እዚያ እንዴት እንደደረሰ ነው፤ እኔን የሚያበግነኝም የቀረው ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ከመንገዱ ጋር እየተያየሁ ነው የምሠራ፤ ስለዚህ ወሬ አያመልጠኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ሱሪ እየጠቀምሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የስኳር መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ወንድሜ ታናሼ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆላው አፋፍ፣ በቆሎና በርበሬ ያርሳል፤ እናታችንም የምትኖረው ከሱ ጋር ነው። ዝም ያለ ሰው ነው። እናታችን «ይቺ የሁለቱንም አፍ ይዛ ወጣች፣ ለሱ አልተረፈውም» ትላለች።

በዚያ በኩል ወባ እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው እዚህም እዚያም ሲቋጥር ይመጣል፤ የመጣበትን ቤት አንኳኩቶ አይገባም። ወባ የተመላለሰበት ሰው ጣፊያው ያብጣል። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ እንደ ድንጋይ ይዳሰሳል። ይህን ሐኪሙም ይላል፣ ገበሬውም ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ጠቡ መድኃኒቱ ላይ ነው፤ በኛ አገር የጣፊያ መድኃኒቱ እሳት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ማጭድ እሳት ውስጥ ይቆያል። ጫፉ ሲግል ታማሚውን ሰዎች ይይዙታል፤ ያበጠው ጎን ላይ እየነካ፣ እየነካ ይነሣል። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተተኮሰው ቦታ ቶሎ እንዲድን አይፈለግም። መምገል አለበት። «መግሉ ሲወርድ በሽታው ወረደ» ይባላል። ቶሎ የደረቀ እንደሆነ «ውስጥ ታፈነ» ተብሎ ይታዘናል። ስለዚህ ሰው ቁስሉን እንደ ችግኝ ይንከባከበዋል። እንዳይደርቅ ቅቤ ይቀባዋል፣ ቅጠል ይለጥፍበታል፤ መግል ባየ ቁጥር እሰይ ይላል። እኔም በልጅነቴ ተተኩሻለሁ። ጎኔ ላይ አሁንም አለ፤ ቀሚስ ስለካ አንዳንዴ እጄ ያርፍበታል።

ወንድሜን የተኮሱት የክርስትና አባቱ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። ከቅዱሱ ውሃ ተቀብለው ያቀፉት ሰው ናቸው፤ ለእናታችን አበልጅ፣ ለመንደሩ ሽማግሌ፣ ለጣፊያ መድኃኒተኛ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለተኩሱም ዋጋ አይቀበሉም። እንዲህ ያለውን ሰው ማን እንቢ ይላል? ወንድሜ ወባው ታክሞ፣ ክኒኑን ጨርሶ፣ ደህና ሊሆን እያለ «ጎንህ አሁንም ከብዷል፣ ልጄ» አሉት፤ ተኛላቸው። ለኔ አልተነገረኝም። ቀደም ሲል ልጄን ሊተኩሱልኝ ሲሉ ማጭዱን ከነእሳቱ አጥር አሻግሬ ስለ ወረወርሁት፣ ከዚያ ወዲህ የተኩስ ነገር ከኔ ይደበቃል።

ብቻ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። እናታችን ናት። «ወንድምሽን ትኩሳቱ መልሶ ያዘው፤ ወባ ነው መሰለኝ፤ ላንቺ ልላክልሽ» አለች። ላኪው አልሁ።

መናኸሪያ ተቀበልሁት። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወንድሜ ከሚኒባሱ ሲወርድ ወፍራም ሹራብ ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ ወደ ግራ ጎበጥ ብሎ ነው። ሰው ሲሰፋለት ትከሻው ከፍና ዝቅ ካለ ዓይኔ አያልፈውም። አንዱ ትከሻው እንደ ተሰበረ ሞፈር ወርዷል። ፊቱ አመድ ነው።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጎበጥህ?» አልሁት።

«መኪናው አጣብቦኝ ነው፣ እታለም።»

«ሹራቡን አውልቀው እንጂ፣ ላብህ ይንጠባጠባል።»

«ይበርደኛል።»

«ይበርደኛል እያልህ ነው እንዴ እንደ ድስት ክዳን የምታልበው?»

ፈገግ አለ እንጂ አላወለቀውም። እቤትም ገብቶ አላወለቀውም። ልጠብልህ አልሁት፤ «ተይው፣ ሽታው የቤት ናፍቆቴን ያስረሳኛል» አለ። ዝም ያለ ሰው ሲቀልድ መጠርጠር ነበር።

መጀመሪያ የወሰድሁት አንድ ክሊኒክ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ እንዲህ ያለ በየከተማው ሞልቷል። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ወንድሜን ቀና ብሎ አላየውም ማለት እችላለሁ፤ ፊቱን እንኳ ያየው ስሙን ሲጠራ ነው። «የት ነው የሚያምህ?» አለው። ወንድሜ እጁን ሆዱ መካከል ላይ አደረገ። ግራ ጎኑ ላይ አይደለም፤ መካከል ላይ። ጣቱን ተወግቶ ደም ሰጠ። ወባ የለም ተባለ። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው፤ ጨጓራም አለበት።» እነዚህ ሁለቱ በኛ ከተማ እንደ ባልና ሚስት አይነጣጠሉም፤ አንዱ ከተጠራ ሌላው ተከትሎ ይገባል። ሆዱን የዳሰሰው የለም። «ተኛ፣ ልይህ» ያለው የለም። ክኒኑን በፌስታል ይዘን ወጣን።

ክኒኑ የሠራው ነገር ቢኖር ምግቡን መዝጋት ነው። ትኩሳቱ ረፋዱ ላይ ይለቀውና ወደ ማታው ሲል ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ይመጣል። በግራ ጎኑ መተኛት አቃተው። ያስለዋል፤ ሲያስለው ጎኑን በክንዱ ይዞ ትንፋሹን ይቆጥባል። ደግሞ ግራ ትከሻዬን አለ። እኔ ደግሞ ሞፈር የተሸከመበት መስሎኝ ትከሻውን በቅባት አሻለሁ። ትከሻው ምን በደለ? ትከሻው የሌላውን ሕመም ነው የሚናገረው። ጣፊያ ሲቆጣ አንዳንዴ ሕመሙ በትከሻ በኩል እንደሚመጣ ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ከሐኪሟ።

አንድ ጧት እጁን ስይዘው ቆዳው እንደ ምጣድ ነው፣ ዓይኑ ቢጫ ቢጫ ብሏል። ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል አደረስሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ልጅ ናት ብዬ ልቤ ከዳኝ፤ እውነቱን ነው የምናገር። ግን ጠየቀችው። የክሊኒኩ ሰውዬ ያልጠየቀውን ሁሉ ጠየቀችው። በሬ ወግቶሃል ወይ? ወድቀሃል ወይ? ጥርስህ አመርቅዟል ወይ? እግርህ ላይ የቆየ ቁስል አለ ወይ? ወንድሜ «የለም፣ የለም» ይላል። ልብ ማዳመጫውን በሹራቡ አንገት በኩል አስገብታ ልቡን ብዙ ጊዜ አዳመጠች። ራጅ ታዘዘ። ራጁ ሲመጣ «በግራ ሳንባው ሥር ትንሽ ውሃ አለ» አለች። አንድ ሌላ ሐኪም አጠገቧ ቆሞ «የሳንባ ምች ነዋ» አላት። እሷ ራጁን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ግን ውሃው ከላይ የመጣ አይመስለኝም። ከሥሩ የሚያስቆጣው ነገር ይኖራል። አልትራሳውንድ እንየው።»

እነሆ እዚህ ጋ ደረስን።

የአልትራሳውንዱ ክፍል ጠባብ ናት፤ መጋረጃው ተጋርዶ ደብዝዛለች። ወንድሜ አልጋው ላይ ወጣ። ሐኪሟ ያንን የሚያሟልጭ ቅባት ይዛ «ሹራብህን ከፍ አድርግልኝ» አለችው።

«አይሆንም» አለ።

«ምን አልህ?»

«አላወልቅም። በላዩ ላይ እይ።»

እሷ ሳቅ አለች። «በሹራብ ላይ አያሳይም ወንድሜ፤ መኪናው እንዲህ ጎበዝ አይደለም።»

«እንግዲያው ይቅር።» ሊነሣ ነው።

ደሜ ፈላ። «አንተ፣ እዚህ ድረስ ተሸክሜህ መጥቼ?» ብዬ የሹራቡን ጫፍ ያዝሁ። እጄን ያዘው። አቅም የለውም፤ ግን ያዘው። ከታናሼ ጋር በሹራብ ጫፍ ላይ ጉተታ ገጠምን፤ ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች።

«እታለም፣ ውጪልኝ» አለኝ።

«አልወጣም።»

ሐኪሟ ቅባቱን አስቀመጠች። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ከአልጋው ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «የፈራኸው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ለማንም አላወራም» አለችው። ከዚያ ጠበቀች። እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ እሷ ስትጠብቅ ሳይ ግን አፌን ያዝሁ።

ወንድሜ ጣሪያውን እያየ ተናገረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለሌላ ሕመም ልብሱን አውልቆ ነበር። የልጅነት ተኩሱን ያየው ሠራተኛ ባልደረቦቹን ጠራ። «ኑ እዩ፣ ይህ በሬ የማን ነው? ባለቤቱ ምልክት አድርጎበታል» አለ። ወረፋ የያዘው ሰው በበሩ እያየ ሳቀ። አንዱም «እንዳይጠፋ ነው» አለ። ወንድሜ ያን ቀን ልብሱን ለብሶ ሳይታከም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለሐኪም ጎኑን አላሳይም ብሎ ማለ። ለሚስቱም አልነገረም። ሆዴን ነው እያለ እጁን መካከል ላይ ያኖር የነበረው ለዚህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ከዚያ ቀን ወዲህ አልወደውም። የደበቀውን ይረግማል፤ ያስደበቀውን አያነሣም። ያ ሰውዬ ያን ቀን እየሳቀ እቤቱ ገብቶ ራቱን በልቶ ተኝቷል። ቀልዱ ግን ወንድሜ ጎን ላይ ተቀምጦ ስንቱን ዘመን ጠበቀው።

ሹራቡን ራሱ ከፍ አደረገው።

የድሮው ጠባሳ አለ። በላዩ ላይ አዲሱ፣ ክብ ክብ፣ ገና ያልደረቀ፣ ቅጠል የተለጠፈበት፣ ዳር ዳሩ ቀልቶ ያበጠ። ሽታው ክፍሏን ሞላት። እኔ እጮኻለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ቀስ ብላ «መቼ ነው?» አለችው፤ «በልተሃል ወይ?» እንደሚባል አድርጋ።

«ከመስቀል ወዲህ ነው።»

«ትኩሳቱ ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«የወባው በፊት። ይህ በኋላ።»

ቁስሉን በጨርቅ ከልላ ዳር ዳሩን መኪናውን አስኬደች። መስታወቱ ላይ አመድማ ነገር ይታያል፤ እኔ ጭስ ይመስለኛል። እሷ ግን ቆም አለች። «ይኸ ጣፊያው ነው። ትልቅ ሆኗል። ይኸ ደግሞ» አለችና ጣቷን ጥቁር ጉድጓድ ላይ አኖረች፣ «መሆን አልነበረበትም። ፈሳሽ ነው፤ ውስጡ የሚዋኝ ደለል አለው። መግል ይመስለኛል።»

ይኸ ሁሉ ቤት ከላይ ለሚወርደው መግል እሰይ ሲል፣ ከሥሩ ሌላ መግል ጓዳ ይዞ ተቀምጧል።

«ተኩሱ ነው ያመጣው?» አልኋት። አዎ በይኝ ነው ነገሩ። ሄጄ የሽማግሌውን ማጭድ የምሰብርበት ምክንያት እንድትሰጠኝ ነው።

«ነው ልልሽ አልችልም፤ አይደለምም ልልሽ አልችልም» አለችኝ። «እንዲህ ያለ መግል ብዙ ጊዜ ጀርሙ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ በደም ተጉዞ ነው ጣፊያ ውስጥ የሚቀመጥ። ከልብ ይነሣል፣ ከጥርስ፣ ከቁስል። ይህ ቁስል መንገድ ሆኖት ሊሆን ይችላል። ደሙን እናስመረምራለን።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እውነት ስለሆነ ነው የሚያናድደኝ።

አስተኙት። በደም ሥሩ መድኃኒት ተጀመረለት። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም መጥቶ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው፣ ነገሩን አብራራልን። መግሉ ትልቅ ነው፤ በመድኃኒት ብቻ አይሟሟም፤ መውጣት አለበት። አንዱ መንገድ በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ገብቶ ቱቦ መትከልና ማንጠፍጠፍ ነው። ሌላው መንገድ ሆዱን ከፍቶ ጣፊያውን ከነመግሉ ማውጣት ነው።

«ሰው ያለ ጣፊያ ይኖራል?» አልሁት።

«ይኖራል። ግን ጣፊያ የደም ዘበኛ ነው። እናንተ የምትኖሩት ወባ አገር ነው፤ ዘበኛ የሌለው ቤት ላይ ወባም ሌላውም ይበረታል። ስለዚህ ቢቻል ባናወጣው እወዳለሁ። ቱቦው እንቢ ካለ፣ ወይም መግሉ ሆዱ ውስጥ ከፈነዳ ግን ምርጫ የለኝም። ወይ ጣፊያው ወይ እሱ።»

እንዲህ ያለውን ሥራ ባሕር ዳር ቢሠሩት ይሻል ነበር አለ። ያን ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ አምቡላንሱም መራዊን ሳያልፍ ተመልሷል ይባል ነበር። እዚሁ እንሞክራለን አለ። ከዚያ ቁስሉን ገልጦ አየና ከንፈሩን ነከሰ። መርፌው ሊገባ የሚገባው ልክ እዚያ ላይ ነው። በሚመግል ቆዳ በኩል መርፌ አይገባም፤ የላዩን ጀርም ይዞ ወደ ውስጥ ይወርዳል። «በሩ ላይ ነው የተኮሱት» አለ። «ከኋላ ሌላ በር እፈልጋለሁ።»

ልብ በሉ እንግዲህ። ያ እሳት ሕመሙን አስደበቀው። ምናልባትም ራሱ አመጣው። መዳኛውንም በር ዘጋው። አንድ ማጭድ ይህን ሁሉ ይሠራል።

በማግስቱ እናታችንና የክርስትና አባቱ ከቡሬ መጡ። ሽማግሌው ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜን ደግፈን አውጥተን ነበር፤ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ አልሳምሁም።

«በቢላ ሊከፍቱት ነው አሉ» አሉኝ።

«በመርፌ ነው።»

«መርፌም የብረት ዘር ነው። ጣፊያ ብረት ከገባበት አይመለስም፣ ልጄ። ይውጣና ወደ አገሩ ይግባ።»

«አንቱስ ብረት አይደል ያስነኩት?» አልሁ። እናታችን ነጠላዬን ጎተተችኝ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «የኔ በእሳት የጠራ ነው» አሉ።

«የነሱም ይቀቀላል።»

«መቀቀል ለድንች ነው።»

አጠገባችን ያሉ አስታማሚዎች ሳቁ። እናታችንም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ የክርስትና አባቱን ያያል። አውቀዋለሁ። እሳቸው «ተነሥ» ቢሉት ይነሣል። ተነሥቶ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፤ ቡሬ ሳይደርስም ያ ጓዳ ውስጥ ያለው ይፈነዳል። አንድ ቃል ነው የቀረው፤ ያ ቃል ደግሞ እሳቸው አፍ ውስጥ ነው።

ሐኪሟ በዚያ በኩል ስታልፍ ጠራኋት። እንድትነግርልኝ ነው፤ እንድታዋርድልኝ ነው የጠራኋት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው።

«እርስዎ ነዎት የተኮሱት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የት የት ላይ ነው የሚያደርጉት? ያሳዩኝ እስቲ።»

በከዘራቸው ጫፍ በራሳቸው ጎን ላይ እያሳዩ ነገሯት። አዳመጠቻቸው። እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ።

«መግሉ እንዲወጣ ፈልገው ነው አይደል?» አለቻቸው።

«ታዲያስ። መግል ካልወጣ ምኑን ዳነ።»

«እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነው። የርስዎ የላይኛውን አወጣ። የታችኛው ጥልቅ ነው፤ እሳት አይደርስበትም፤ በዚህ ከቆየ ይገድለዋል። ፈቃድዎ ከሆነ እሱን እናውጣ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «እንግዲያስ አውጡት» አሉ። ወንድሜም አንገቱን ነቀነቀ።

ወንድሜን ያዳነው ይህ ንግግር ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ጊዜ ሐኪሟን ልቆጣት ምንም አልቀረኝም። «የርስዎ የላይኛውን አወጣ» ትላቸዋለች? ምኑን ነው ያወጡት? ቃጠሎውንም መግሉንም የፈጠሩት እሳቸው!

መርፌው በጀርባው በኩል፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ገባ። እኔ በር ላይ ነበርሁ። ሲወጡ ሐኪሟ የያዘችውን ጠርሙስ አየሁት፤ ቡናማ ነው፣ እንደ ሰነበተ እርሾ የወፈረ። ከአንድ ሰው ሆድ ይህ ሁሉ ይወጣል አይባልም። ጎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎለት ተመለሰ። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ሾርባ ጠጣ።

ዳነ ብዬ እናታችንን ወደ ቤቷ ልልክ ስል ቱቦው ቆመ። ከረጢቱ ባዶ ነው፤ ትኩሳቱ እንደገና ወጣ። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም መጥቶ ሆዱን ዳሰሰ። «እስከ ነገ ካልፈሰሰ ጣፊያውን አወጣለሁ» አለ። ወንድሜ ሁሉንም ሰማ። ቆይቶ «እታለም፣ ያለሱ ማረስ እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆላው ዳር፣ ከወባው መካከል፣ ያለ ዘበኛ። ምን እለዋለሁ? «ገና መች ወጣ» አልሁት። ወፍራሙ ደለል ነው ቱቦውን የዘጋው፤ ንጹሕ ውሃ በሲሪንጅ እየገፉ፣ እየሳቡ፣ ጧትም ከሰዓትም አጠቡት። ከረጢቱን እንደ ድስት ስጠብቀው ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ አንዲት ጠብታ፣ ከዚያ ክር፣ ከዚያ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት፤ በንዴት ይሁን በደስታ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የደም ምርመራው መጣ፤ ለጀርሙ የሚስማማው መድኃኒት ተለይቶ ተቀየረለት። በየጊዜው በአልትራሳውንድ እያዩ፣ ጉድጓዱ ሲጠብ ሲጠብ ቱቦው ወጣ። ጣፊያው ቀረለት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሐኪሟ «ትኩሳት ባየህ ቁጥር ቶሎ ና፤ ጎንህንም አሳይ» አለችው። «አሳያለሁ» አላት።

በሱ ቤት ጠበል ጸዲቅ ተደረገ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ሽማግሌው ከላይ ተቀመጡ፤ ጠላው በወዳጅ እጅ ዞረ። ትንሽ ቆይተው ጀመሩ። «መግሉን እኔ ከላይ አፈላሁት፣ ሐኪሞቹ ቀዱት። ልጂቱ ራሷ መስክራለች» አሉ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። እናታችን ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች።  ልነሣ ስል ወንድሜ ቀደመኝ።

ያ ዝም ያለ ሰው ተነሥቶ ሸሚዙን ከሱሪው መዘዘና ከፍ አደረገው። በሰው ፊት። 

«አባቴ፣ ይኸ የርስዎ ነው» አለ፣ ጠባሳውን እያሳየ። ዞረና ጀርባውን ሰጣቸው። «ይኸ ትንሹ የሐኪሞቹ ነው። መግሉ የወጣው በዚህ ነው። በርስዎ በኩል ሊወጣ ሲል በሩ ተቃጥሎ አገኙት።»

ሽማግሌው ጠባሳውን ብዙ ጊዜ አዩት። ተሸነፉ ብዬ ነበር። «በሬ በሁለት ወገን ሲጠመድ ነው እርሻው የሚያምር» አሉ፣ ጠላቸውንም ጨለጡት። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም ፈገግ ብሎ ሸሚዙን አወረደ። ይኸውላችሁ፤ እኔ የምናደደው በዚህ ነው። እሳቱ አሁንም አለ፣ ማጭዱ አሁንም ከሽማግሌው ቤት ምሰሶ ላይ ተሰክቷል፣ ሳቁም ለሳቸው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ልጠብቅ ወደ መንገዱ ስወጣ አንዲት ጎረቤታቸው ተከተለችኝ። ልጅ አዝላለች። ከኔ ጋር ትንሽ ሄደችና ግራ ቀኙን አየች።

«እትዬ፣ ወንድምሽ እንዲያ ገልጦ ሲያሳይ አይቼ ነው» አለች። «አትቆጪኝም?»

መልሴን ሳትጠብቅ የቀሚሷን ጎን ከፍ አደረገች። ክብ ክብ፣ ቅጠል የተለጠፈበት፣ ዳሩ የቀላ። አፌ ውስጥ የተከማቸው ንግግር፣ ከወራት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ሁሉ፣ እጥርሴ ጋ ደረሰ። ያ የጤና ጣቢያው ሰውዬ «በሬ» ሲል፣ ሰውም ሲስቅ ታየኝ። ዋጥሁት።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?» አልኋት። «ትኩሳቱ ከተኩሱ በፊት ነው በኋላ?»

ባጃጁ መጣ። ልጇን ተቀበልኋትና፣ ወደ ሐኪሟ ልወስዳት፣ አስቀድሜ አሳፈርኋት። ንዴቱን ግን አልጣልሁትም፤ ለዚህ ወረቀት ነው ያቆየሁት።